ሄልዳይቨርስ 2፦ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ጨዋታው የሚበላሸው ለምንድን ነው?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ከላይ ባለው ጥያቄ ክር፣ ማለትም የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው የጥያቄ ምልክት ያስቀምጥ እንጂ የጻፈው ፍርድ ነው። በእሱ አባባል ሄልዳይቨርስ 2 እየሞተ ነው፤ የሚገድሉትም የሠሩት ሰዎች ናቸው። አንድ ብልሽት ሲጠግኑ ሁለት ያመጣሉ፤ ተጫዋች ሲጮህ ዝም ይላሉ፤ አዲስ የሚሸጥ ዕቃ ሲኖራቸው ብቻ ድምፃቸው ይሰማል። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው በሴፕቴምበር 2025 የወጣውንና ውጊያውን ወደ ዋሻ ያስገባውን ማሻሻያ ነው። በዚያ ሰሞን ጨዋታው በብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ እየተንቀራፈፈ፣ አንዳንዴም ጭራሹን እየተዘጋ አስመርሮ ነበር። መጨረሻ ላይ እዚህ ያላችሁ አሁንም ትጫወታላችሁ ወይስ ትታችኋል ሲል ጠየቀ። መልሱ ረዘመ፤ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ እንደሚከተለው ልተርከው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ አራት ሰዎች ተባብረው የሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ ነው። የሠራው የስቶክሆልሙ አሮውሄድ፣ ያሳተመው ሶኒ ነው፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 በፕሌይስቴሽን 5 እና በኮምፒውተር ወጣ። በዓለም ዙሪያ ያለው ተጫዋች ሁሉ በአንድ የጋራ ጦርነት ውስጥ ስለሚሰለፍ ዛሬ የተያዘች ፕላኔት ነገ ልትነጠቅ ትችላለች። ዋጋው 40 ዶላር ነው። ይህ ዋጋ በኋላ ጠብ ያስነሳል።

1ኛው መልስ በሦስት ቃል ተስማምቶ ያልፋል። 2ኛው ግን ወንድሜ ብሎ በትሕትና ጀምሮ የዘመኑን ቅደም ተከተል ያርማል። ነገሩ ከዋሻው አልጀመረም ባይ ነው። ጨዋታው በወጣ ወር ሳይሞላው፣ በማርች 2024፣ ሁሉም ሰው የሚመርጠውን ሬይልገን የሚባል መሣሪያ አዳክመውት ነበር። ተጫዋቾች ሲቆጡ ከሠራተኞቹ መካከል በማሽሟጠጥ የመለሰ ስለ ነበር የኩባንያው ኃላፊዎች ነገሩን ለማብረድ ተገደዱ። እንግዲህ ዝምታ ሳይሆን ያለ ቦታው የተነገረ ቃል ነው የመጀመሪያውን ቁስል የፈጠረው ይላል። ይህን መልስ ልብ በሉት፤ ክሩ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ይመለሳል።

3ኛውን መልስ የጻፈችው እህት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከሁሉም የተሻለ ምሳሌ አምጥታለች። ኦገስት 6 ቀን 2024 የወጣው ትልቅ ማሻሻያ ነበልባል የሚተፋውን መሣሪያ ባሕርይ ቀየረ። ከዚያ በፊት ቻርጀር የሚባለውን ባለ ወፍራም ቅርፊት አውሬ ሲገጥሙት ነበልባሉን እግሩ ላይ መልቀቅ ይበቃ ነበር፤ እሳቱ ቅርፊቱን አልፎ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ከማሻሻያው በኋላ ነበልባሉ ቅርፊቱን ነክቶ ይመለስ ጀመር፤ አውሬው እየነደደ ይደፈጥጥሃል። ይህ በሆነ በሁለተኛው ቀን፣ ኦገስት 8፣ ስሙም ዕቃውም በእሳት ዙሪያ የሆነ አዲስ የመሣሪያ ጥቅል ለገበያ ቀረበ። ማገዶውን ውኃ ነክሮ ለገበያ እንደ ማውጣት ነው አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው እሳት ባነሣ ቁጥር ስለ እርጥብ እንጨት መቀለድ የክሩ ልማድ ሆነ።

4ኛዋ መልስ ሰጪ በአዲስ አበባ የሶፍትዌር ባለሙያ ነች። ቁጣውን ለጊዜው ወደ ጎን ትታ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን አስረዳች። ጨዋታው የቆመበት ሞተር፣ ማለትም የተሠራበት መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ ስቲንግሬይ ይባላል፤ ቀድሞ ቢትስኲድ ይባል ነበር። ባለቤቱ አውቶዴስክ በ2018 ልማቱን አቆመ። አሮውሄድ በዚያን ጊዜ ሥራውን ጀምሮ ስለ ነበር ሞተሩን ራሱ እየጠገነ ለመቀጠል ወሰነ፤ ጨዋታውን ሠርቶ ለመጨረስም ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀበት። እንዲህ ባለ መሠረት ላይ አንዱን መስመር ስትነካ ሌላው የት እንደሚፈነዳ አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል፤ ከውጭ የሚጠየቅ ኩባንያ የለም፤ አዲስ የሚቀጠር ባለሙያም ሞተሩን ከዜሮ መማር አለበት። የተጠገነ ብልሽት ከሁለት ማሻሻያ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ስንፍና ብቻ አድርጋችሁ አትዩት፤ ምናልባት ሁለት ቡድን በሁለት የተለያየ ቅጂ ላይ ሠርቶ ሲቀላቀል የቆየው አዲሱን ሸፍኖት ይሆናል ስትል ከራሷ የሥራ ልምድ ገመተች።

5ኛው ማብራሪያውን አመስግኖ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ሞተሩ አሮጌ ከሆነ በየወሩ አዲስ ጥቅል ማምጣቱን ቀንሶ የቆየውን መጠገን ማን ከለከላቸው? 4ኛዋ ለዚህ መልስ አልነበራትም። አሮውሄድ ራሱ በ2024 አጋማሽ ጥድፊያው ጥራትን እየጎዳ ስለሆነ ማሻሻያዎቹን አራርቄ አወጣለሁ ማለቱን አስታወሰች። የተናገሩት ትክክል ነበር ማለት ነው፤ አለመጽናታቸው ነው እንጂ።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር። 6ኛው ነው ያደፈረሰው። ከዱባይ የሚጽፈው ይህ ሰው ኢትዮጵያውያን ማጉረምረም እንወዳለን ብሎ ከጀመረ በኋላ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክን፣ ማለትም የሶኒን የኢንተርኔት አገልግሎት፣ መለያ (አካውንት) ጉዳይ ያነሣል። ሜይ 3 ቀን 2024 የኮምፒውተር ተጫዋቾች ሁሉ የሶኒ መለያ እንዲያገናኙ ሲታዘዙ ዓለም መጮኹ ለእሱ አልገባውም፤ እሱ በሁለት ደቂቃ ጨርሶታል። ያን ሁሉ ጩኸት ለሁለት ደቂቃ ሥራ ማንሣት የሕፃን ነገር ነው ብሎ ደመደመ።

7ኛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ወንድሜ የሚለውን ቃል አልተጠቀመም። ኔትወርኩ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በይፋ ይሠራል፤ በኢትዮጵያ ግን አይሠራም፤ ከአፍሪካ በሙሉ በይፋ ያለው በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ለአንተ ሁለት ደቂቃ የፈጀው ለእኛ የተዘጋ በር ነበር አለ። ገንዘቡን ከፍሎ ሦስት ወር የተጫወተ ሰው፣ አገሩ በዝርዝሩ ላይ ስለሌለች ብቻ፣ ጨዋታውን ሊነጠቅ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ በሚሸጥበት በስቲም ላይ ከ200,000 በላይ አሉታዊ አስተያየት የተከመረው ለዚህ እንደሆነና ሶኒ ሜይ 6 ቀን ትእዛዙን የሻረውም በዚያ ጩኸት ምክንያት መሆኑን ዘርዝሮ፣ የዱባዩ ሰው ከመስኮቱ ውጭ እንዲመለከት መከረው። ቃሉ ከዚህ የጠነከረ ነበር፤ አለስልሼዋለሁ።

8ኛው አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ትእዛዙ ሲሻር ነገሩ አላበቃም፤ በዚያው ሰሞን ኔትወርኩ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጨዋታው በስቲም ከሽያጭ ወርዶ ነበር፤ ትእዛዙ ከተሻረ በኋላም በሩ ወዲያው አልተከፈተም። 9ኛው ደግሞ እውነቱን እንነጋገር አለ። በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ያለው ሰው ሁሉ አሜሪካ ነኝ ብሎ መለያ ከፍቶ የለም ወይ? 10ኛው መለሰለት፦ አዎን፣ ከፍተናል፤ ግን ውሉ የምትኖርበትን አገር በትክክል ተናገር ይላል። ነገ መለያው ቢዘጋ ለማን አቤት እንላለን? በሐሰት አድራሻ ላይ የተቀመጠ ንብረት ንብረት አይደለም አለ። ከእስራኤል የጻፈው 11ኛው፣ እሱ ባለበት ኔትወርኩ እንደሚሠራ ጠቅሶ፣ በዚያ ሳምንት ግን ችግሩ የማይነካው ሰው ሁሉ ለማያገኘው ብሎ አሉታዊ አስተያየት ሲጽፍ ማየቱን ከጨዋታው ሁሉ አብልጦ እንደሚወድደው ተናገረ። የዱባዩ ሰው ለዚህ መልስ ሳይሰጥ ቀረ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ማንም ያላነሣው ነው። የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዮሃን ፒሌስቴት መለያው ግዴታ እንደሚሆን ጨዋታው ከመውጣቱ ስድስት ወር ገደማ በፊት ያውቅ እንደ ነበር፣ በመክፈቻው ሰሞን ሰርቨሩ በሕዝብ ብዛት ሲጨናነቅም ግዴታው ለጊዜው እንዲነሣ የወሰነው እሱ መሆኑን በይፋ ተናግሯል። እዚያው የመክፈቻ ሰሞን ደግሞ ገንዘብ ለሚያጥራቸው ሰዎች ሰርቨሩ እስኪስተካከል አትግዙ ብሎ የመከረው ይኸው ሰው ነው። የራሱን ዕቃ አትግዙ የሚል ነጋዴ ስንት አለ? ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ሰው የገዢውን አገር የሚመለከተውን ዋና ነገር አጉልቶ ሳይናገር ሦስት ወር ያህል አለፈ። መለያው እንደሚያስፈልግ በስቲም የሽያጭ ገጽ ላይ በትንሹ ተጽፎ ነበር፤ ማንም ሊያነበው አልቻለም ግን አይባልም። ክሩን የከፈተው ሰው አይናገሩም ያለው ለዚህ ነው ልክ የማይሆነው። ይናገራሉ፣ ያውም አብዝተው፤ ማን በምን ጉዳይ እንደሚናገር ነው ያልተወሰነው።

12ኛው መልስ ከየት እንደ መጣ አላውቅም። በሜሪላንድ የሚኖሩ አባት ናቸው፤ ልጃቸው ሌሊቱን ሁሉ ይህን ጨዋታ እየተጫወተ ያስቸግራቸዋል፤ ጨዋታው ምን እንደሚያስተምረው ጠየቁ። ክሩ ለጥቂት ጊዜ ጠቡን ረስቶ ጋሼ እያለ ይመልስላቸው ጀመር። 13ኛው ጨዋታው በአውሮፓ የዕድሜ ደረጃ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈቀደ መሆኑን ነገራቸው፤ ልጁ 14 ዓመቱ ነውና ወሬው እዚያ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። 14ኛዋ ግን የሕፃናት ሆስፒታሉን ታሪክ አነሣች። በ2024 ተጫዋቾች አንድ ምርጫ ቀርቦላቸው ነበር፤ ወይ አዲስ ፀረ ታንክ ፈንጂ ያገኛሉ፣ ወይ በአንዲት ፕላኔት ላይ በሆስፒታል ያሉ ሕፃናትን ያድናሉ። የሚጠቅማቸውን ፈንጂ ትተው ሕፃናቱን መረጡ። አሮውሄድም በዚህ ተነክቶ ሴቭ ዘ ቺልድረን ለተባለው ድርጅት 4,311 ዶላር ሰጠ። አባትየው ተደስተው አመሰገኑ፤ ይሁንና ልጁ ሌሊት መተኛት አለበት ብለው ወጡ። ትክክል ብለዋል።

15ኛው የጌም ቤት ባለቤት ነው። ቤቱ ቀድሞ ፒያሳ አካባቢ ነበር፤ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ተነሥቶ አሁን ሌላ ሰፈር ነው። ሁለት ሦስት ሰዎች የድሮውን ቤት እናውቀዋለን ብለው የሰፈር ወሬ ጀመሩ፤ ያንን ልዝለለው። ቁም ነገሩ የፋይሉ መጠን ነው። በቤቱ ውስጥ ያሉት ፕሌይስቴሽኖች ላይ ጨዋታው 35 ጊጋባይት ገደማ ሲይዝ ኮምፒውተሮቹ ላይ ግን 150 አለፈ። አንድ ኮምፒውተር ለማዘጋጀት ከቤቱ መስመር ላይ ሌላውን ሁሉ አቋርጦ በሌሊት ያስጭናል፤ መብራት ሲጠፋ ማውረዱ ባለበት ይቆማል፤ ጠዋት ልጆቹ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው መቶኛውን ያያሉ። እሱ የጠየቀው አንድ ነው፦ ያው ጨዋታ ሆኖ ሳለ አራት እጥፍ የሆነው በምን ምክንያት ነው?

4ኛዋ ባለሙያ በ16ኛው ተመለሰች፤ በክሩ ውስጥ እንደ እሷ ዕውቀት ያዘነበ የለም። ምክንያቱ የተደጋገመ ፋይል ነው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አንባቢው ክፍል ከቦታ ወደ ቦታ መሮጥ ስላለበት፣ ሩጫውን ለመቀነስ አንዱን ሥዕል ወይም ድምፅ በብዙ ቦታ ደጋግሞ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው። አሮውሄድም እንዲሁ አደረገ፤ ካላደረግን በሃርድ ዲስክ ላይ የመክፈቻው ጊዜ እስከ አሥር እጥፍ ሊረዝም ይችላል የሚል፣ ሌሎች ሠሪዎች ካወጡት መረጃ ተነሥቶ ለጥንቃቄ ራሱ ያሳደገውን ግምት ይዞ ነበር። በኋላ በራሳቸው ጨዋታ ላይ ሲለኩት ሌላ ነገር ተገኘ። ጊዜ የሚወስደው ፋይል ማንበቡ ሳይሆን ኮምፒውተሩ የውጊያውን መሬት አዲስ ፈጥሮ መሥራቱ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሃርድ ዲስክ ያላቸው ከተጫዋቾቹ 11 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ እነሱም የሚያጡት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በዲሴምበር 2025 ኒክሰስ ከተባለው ስቱዲዮ ጋር ድግግሞሹን አንሥተው 154 የነበረውን ወደ 23 ጊጋባይት አወረዱት።

17ኛው ሒሳቡን ሠራ። በሰከንድ አንድ ሜጋባይት በሚያወርድ መስመር 150 ጊጋባይት 42 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 23 ግን ስድስት ሰዓት ተኩል አይሞላም። አንድ ሌሊት ማለት ነው፤ መብራት ካልሄደ። 18ኛው በደስታ ፈንታ ተቆጣ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ለ11 በመቶው ሰው ጥቂት ሰከንድ ለማትረፍ ሲባል በኪሱ የዳታ ጥቅል እየገዛ 130 ጊጋባይት ትርፍ የጫነ ሰው ገንዘቡን ማን ይመልስለታል? መለካት ካለባቸው መጀመሪያ መለካት ነበረባቸው። ቁጣው ይገባኛል። ግን ይህ ጉዳይ ከሁሉም በተሻለ የተነገረ እንደሆነም መካድ አይቻልም። ምክንያቱን ጻፉ፣ ግምታቸው ስሕተት እንደ ነበር ጻፉ፣ ቁጥሩን ጻፉ፤ በክሩ ውስጥ እንኳ ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልተሳደበም።

ጠቡ በ19ኛው እንደገና ተነሣ። ከአሜሪካ የጻፈ ሰው በ40 ዶላር ይህን ያህል ሰዓት የሚያጫውት ነገር ከየት ይገኛል፣ የከፈላችሁት የሁለት ምሳ ዋጋ ነው አለ። 20ኛው የብሩን ሒሳብ አስታወሰው። ጨዋታው ሲወጣ 40 ዶላር በባንክ ምንዛሪ 2,300 ብር አይሞላም ነበር። በጁላይ 2024 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያው 40 ዶላር 6,000 ብር ገደማ ደርሷል፤ ስቲም በብር ስለማይሸጥ ጭማሪው በቀጥታ ገዢው ላይ ይወድቃል። የብዙ ሰው የባንክ ካርድ ደግሞ ውጭ አገር አይሠራምና ዘመድ መለመን አለ። 19ኛው ይህ የአሮውሄድ ጥፋት አይደለም ሲል መለሰ፤ እውነት ነው። 21ኛው እንዲያ ከሆነ አፍህን ሰብስብ አለውና የክሩ ጠባቂ ቃሉን ሰረዘው፤ ሌሎቻችን ግን አንብበነው ነበር።

22ኛው ሰውን ሁሉ ወደ ጉዳዩ መለሰ። ለጥያቄው ቀጥተኛ መልስ የሰጠ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ጨዋታው የተበላሸ ማሻሻያን ችሎ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያነሣው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የኦገስት 2024 ቁጣ ሲነሣ የጨዋታው ዳይሬክተር ሚካኤል ኤሪክሰን ኦገስት 13 ቀን በ60 ቀን ውስጥ ምን ምን እንደሚስተካከል በጽሑፍ አወጣ። ሴፕቴምበር 17 ቀን የተዳከሙት መሣሪያዎች ኃይላቸው ተመለሰ፤ በኦክቶበር አጋማሽ ቀጠሮው ተዘጋ። አንድ ኃላፊ፣ አንድ ጽሑፍ፣ ቀን የተቆረጠለት። ሁለተኛው የፋይሉ ጉዳይ ነው። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ አንዱ በዲስኮርድ፣ ሌላው በሬዲት፣ ሌላው በቃለ መጠይቅ የመሰለውን ይናገራል፤ ተጫዋቹ የሚያምነውን መርጦ ይይዛል፤ ሳይፈጸም ሲቀር ዋሹን ይላል። አሁን ያለው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሻምስ ጆርጃኒም በዲስኮርድ እየገባ ከተጫዋች ጋር የሚከራከር ሰው ነው። ለአንዳንዱ ይህ ትሕትና ነው፤ 22ኛው ግን የኩባንያ ኃላፊ በሌሊት የጻፈው አንድ መስመር በነጋታው ቃል ኪዳን ሆኖ ይተረጎማል አለ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

23ኛዋ፣ የእርጥቡ እንጨት እህት፣ በከፊል ተቃወመች። የሚናገር አለቃ ካለው ይሻላል፤ ዝም ያሉ ኩባንያዎችን ታውቃለች። እንደ እሷ ከሆነ ችግሩ የጥራት ፍተሻ ነው፤ ነበልባሉን የቀየረው ሰው አንድ ቻርጀር ላይ አንድ ጊዜ ቢሞክረው ኖሮ ጽሑፍም ቀጠሮም አያስፈልግም ነበር። 24ኛው እንጨቱ ደረቀ ወይ ብሎ ቀለደባት። ክሩን የከፈተው ሰውም በ25ኛው ብቅ ብሎ አይናገሩም ያለውን ወደ ብዙ ተናግረው ጥቂት ይፈጽማሉ ለወጠው፤ ስለ መሞቱ ግን ቃሉን አላነሣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የጌም ቤቱ ባለቤት አነስተኛው ቅጂ እንዴት እንደሚገኝ ጠየቀ። 4ኛዋ ያን ጊዜ በሙከራነት ይሰጥ ስለ ነበር በስቲም የጨዋታውን ስም በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ባሕርያቱ፣ ከዚያ ወደ ሙከራ ቅጂዎች መግባትና ከዝርዝሩ መምረጥ እንደሚበቃ፣ የቆየው ውጤትም እንደማይጠፋ፣ ትልቁን ቅጂ ከያዘ ጓደኛ ጋር መጫወትም እንደሚቻል ጻፈችለት። አንድ ኮምፒውተር ላይ ከጨረሰ ፋይሉን በውጫዊ ዲስክ ወደ ሌሎቹ መቅዳት እንዳለበት፣ እያንዳንዱን ከኢንተርኔት ማውረድ እንደሌለበትም አከለች። ከ28ኛው ጀምሮ ሰዎች የስቲም የስጦታ ካርድ በብር ስንት እንደሚሸጥ መጠያየቅ፣ ጥቂቶቹም ዋጋ መጥራት ጀመሩ። ጠባቂው የንግዱን ወሬ ወደ ሌላ ክር አዛውሮ ይህኛውን ለጨዋታው ጉዳይ ብቻ ክፍት አድርጎ ተወው።